ትል የያዘ ውሃ

የካቲት 20 ቀን 2015፣ ጅግጅጋ

ስሜ ተክለማርያም ነው። ግንበኛ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፈርኩበትምም። የምትጽፍልኝ ተከራዬ ፊርደውስ ናት፣ የጨርቅ ነጋዴው የፉአድ ሚስት።

ለምን አስጻፍክ ለሚለኝ፦ ባለፈው ወር በእድር ስብሰባ ላይ ትልቁ ዝናብ የጣለበትን ዓመት ተናግሬ ማልኩ። ተሳሳትኩ። ሳቁብኝ። አንዱማ «ጋሽ ተክሌ ሕልሙን ነው የሚያወራልን» አለ። ከዛሬ ጀምሮ ዝናቡም ድርቁም ይጻፋል። ይሳቁ እስቲ።

ፊርደውስን አስጠንቅቄያታለሁ። ያልኩትን እንዳልኩት ጻፊ፣ ብሳደብም ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው። «እሺ አባባ» ብላ ሳቀች። ሳቀች ብለሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ሥራው። ብርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ከኤረር እስከ ቱሊ ጉሌድ እጄ ያላረፈበት ብርካ ጥቂት ነው። የራሴ ግቢ ብርካ ግን ዘንድሮ ተሰነጠቀ። ጎረቤት ተሳለቀ። ድርቁ አድርቆት ባዶውን ስለነበር ራሴ ወርጄ አሮጌውን ልስን በመሮ አንስቼ አዲስ ለሰንኩት። የወንድሜ ልጅ ሚሊዮን ከላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ይወድቃሉ» ይላል። እሱ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ነው፣ ስለ መውደቅ ምን ያውቃል?

ፊርደውስ ነፍሰ ጡር ናት። ብዙ ዓመት ጠብቀው ነው ያገኙት። ይህንንም ጻፊ ስላት አቀረቀረች።

መጋቢት 4

የቧንቧ ውሃ የለም። ሰፈሩ በርሜል በበርሜል ሆኗል። ሁሉም የደረሰችውን ጠብታ እያጠራቀመ ያቅፋታል። ከፊት ለፊቴ አዲስ ፎቅ እየሠሩ ነው፣ እነሱም ለሲሚንቶ ማቡኪያ ገንዳ ሙሉ ውሃ በቦቴ አስመጥተዋል። ድሮ ከቤቴ በር ሆኜ ሜዳው ይታየኝ ነበር። አሁን ግድግዳና ቆርቆሮ ነው።

ሙቀቱም የጅግጅጋ አይደለም። በዚህ ወር ማታ ማታ ካፖርት ነበር የምንለብስ።

መጋቢት 16

ዘነበ! ዘነበ! አሸንዳው ይጮኻል። ብርካው እየጠጣ ነው። ፊርደውስ ትቸኩላለች፣ ማፍጠሪያ ልታዘጋጅ ነው። ሂጂ። በቃ።

መጋቢት 28

ብርካው እስከ አንገቱ ሞልቷል። ልስኔ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ወይዘሮ ቀለምወርቅ፣ ከጀርባዬ ያለችው ባልቴት፣ ጀሪካኗን ይዛ መጣች።

«ጋሽ ተክሌ፣ አጠራቀምክ እንጂ መቼ ነው የምታጠጣን?»

«ገና አልበሰለም።»

«ውሃ ነው ወይስ ሽሮ?»

አላዋቂ ይሳቅ። አዲስ ሲሚንቶ ያረፈበት ውሃ ይመራል፣ ምላስ ይቆነጥጣል። በውስጡ ነፍስ ያለው ነገር አይኖርበትም። ግንበኝነት ያስተማረኝ ጌታዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ትል እስኪታይበት አታጠጣ» ይለኝ ነበር። እነዚያ እየተጠማዘዙ የሚወጡ የሚወርዱ ቀጫጭን የውሃ ትሎች ሲታዩ ሲሚንቶው ለዝቧል፣ ውሃው በስሏል ማለት ነው። ብርካ ለሠራሁለት ሰው ሁሉ ይህን ነው የምነግረው። መሳሪያዬ ዓይኔ ነው።

በየቀኑ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የለም።

ሚያዝያ 8፣ ፋሲካ

መጡ! ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሼ፣ ገና ሲነጋ ልብሴን ሳልቀይር ሄጄ አየሁ። በጥግ በጥጉ ተጠማዘዙልኝ። ቀለምወርቅን በአጥር ጠራኋት። «በሰለ!» አልኳት። ጉሮ ወሸባዬ ብላ መጣች፣ ትቀልዳለች ሴትዮዋ። ዛሬ ከዚህ ግቢ ያልቀዳ ጎረቤት የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም። ትሉን በነጠላ እያጠለሉ ወሰዱ። ለፊርደውስ ራሴ ቀድቼ አመሻሽ ላይ ለማፍጠሪያ ሰጠኋት፣ ጾም አትተውም እምቢ ብላ። «ስኳር ነው አባባ» አለች።

ክዳን የለውም፣ አይኖረውምም። ውሃ እንደ ሰው ነው፣ ካልተነፈሰ ይሸታል።

ሚያዝያ 19

ከጤና ጣቢያ ነኝ የምትል ልጅ መጣች። ፋይሶ ትባላለች። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ስትቸኩል ሶማሊኛ ይቀድማታል። ባትሪ ይዛ ብርካዬ ውስጥ አበራች፣ በቀን።

«አዴር፣ ይህ ክዳን የለውም?» አለችኝ። አዴር ሲሉ አጎቴ ማለታቸው ነው፣ ታከብራለች።

«የለውም።»

«ቢምቢ እየተራባበት ነው።»

«ቢምቢ የሚራባው ረግረግ ላይ ነው ልጄ። ይህ ንጹሕ ውሃ ነው። ጠጪው።»

«ችግሩ እሱ ነው። ይሄኛው ቢምቢ ሌላ ነው፣ ንጹሕ ውሃ ነው የሚወድ። በርሜል፣ ብርካ፣ የፎቅ ሥራ ገንዳ። ከተማ ውስጥ ነው የሚኖር። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ በደወሌ ድንበር ሲያልፍ ጉምሩኩ አልፈተሸውም?»

ውሃ ሊቀዱ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። «ወላሂ አዴር፣ እዚያው ቢያስሩልን ጥሩ ነበር!» አለች። ከሳቋ ሳትወጣ ግን ከቦርሳዋ መድኃኒት አወጣች።

«ምንድነው?»

«ውሃው ላይ የሚጨመር። ሰው አይጎዳም።»

«ትሎቼንስ?»

«ትሎቹን ይገድላል።»

«ትል የሚገድል መርዝ ነው። ይህን ሁሉ ሰው በእኔ ስም ልታመርዢ ነው? ጅግጅጋ ደጋ ናት። ወባ የኤረር ነው፣ የቆላ ነው። ሂጂ እዚያ አክሚ።»

ፊርደውስ ከበሯ ሆና «አባባ፣ ትጨምር፣ ምን አለበት?» አለች። «አንቺ ጽሑፍሽን ጻፊ» አልኳት።

ልጅቷ ሄደች። በክብር ነው የሸኘኋት። ባትሪዋን ረስታ ነበር፣ ጠርቼ ሰጠኋት።

ሚያዝያ 29

ይዘንባል፣ ይቆማል። ሲቆም ይፋጃል። ምድሩ እንደ ገላ መታጠቢያ ቤት ይተናል። ማታ ቢምቢ አላስተኛ አለ። ከፎቁ ሠራተኞች ገንዳ ነው የሚመጣው። ነግሬያቸዋለሁ፣ አልሰሙኝም።

ግንቦት 7

የቀለምወርቅ የእህት ልጅ ታመመ። ትኩሳት። ከኋላ ያለው የባለ ጋራዡ ቤትም ሁለት ሰው ተኝቷል። ጉንፋን ነው። የአየሩ መለዋወጥ ነው።

ዛሬ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ «ከዚያ ከሽማግሌው ግቢ ወዲህ ያለው ሁሉ ነው የታመመው» አለች። ሌላዋ ቆንጥጣ ዝም አሰኘቻት። ምን ማለቷ ነው? ከእኔ ግቢ ወዲህ የሚታመመው ከእኔ ግቢ ወዲህ ሰው ስለሚበዛ ነው።

ጻፊ። ለምን ቆምሽ?

ግንቦት 16

ፊርደውስ ዛሬ ቀስ ብላ ነው የምትጽፍ። ሞቆን እያላበን እሷ ጋቢ ደርባለች። በረደኝ አለች። ነፍሰ ጡር እንዲህ ናት፣ ባለቤቴም ነፍሷን ይማረውና ግንቦትን በብርድ ልብስ ነበር የምታሳልፈው። ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠኋት። ፉአድ የለም፣ ዕቃ ሊያመጣ ደወሌ ከሄደ ሰነበተ። መጥቶ ነበር፣ ተመልሶ ሄደ። ነጋዴ ነው።

ሐኪም ቤት ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነገ ይሻልሻል አልኳት።

በቃ ተኚ ልጄ።

ግንቦት 19

ሚሊዮን ነው የሚጽፈው።

ፊርደውስ ሆስፒታል ገብታለች። ሌሊት ተንቀጠቀጠች። ባጃጅ አጣን። ቀለምወርቅ አለቀሰች፣ ሚሊዮን መኪና ለምኖ አመጣ። ወባ ነው አሉ። ደሟን አይተው ክፉው ዓይነት ነው አሉ። ለነፍሰ ጡር የከፋ ነው አሉ።

ፉአድ ተደውሎለታል።

ግንቦት 20

ፉአድ ነው ያመጣው። ደወሌ ቆላ ነው፣ ወባ አገር ነው። ባለፈው ሲመጣ ራሱን ያዞረው ነበር። ከዚያ ነው የያዘው፣ ከዚያ ነው ያመጣባት። እንዲህ ብለህ ጻፍ።

ሚሊዮን «ጋሼ፣ ለፉአድ እንዳይሉት» አለኝ። ለማን ልበል?

ግንቦት 22

ጽንሱ ወጣ። ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እሷ ተርፋለች።

ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሰኔ 3

ዛሬ ብዙ እናገራለሁ፣ ሚሊዮን እጅህ ይቻለው።

ልጅቷ ፋይሶ ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። እንድገባ ይፈቅዱልኛል አለች። በሰው ፊት ያባረርኳት ልጅ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ግቢ አልኳት። ውሃው ላይ ደርሳ ዝም አለች፣ እንደ ባለፈው አልተናገረችም። ይህ ነው ያናደደኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

«ፉአድ ነው ያመጣው» አልኳት ገና ሳትጠይቀኝ።

«ሊሆን ይችላል አዴር። ከቆላ ብዙ ሰው ይመጣል፣ በደሙ ይዞት። ግን ከሱ ወደ ሚስቱ በራሱ አይሻገርም። ቢምቢ ያሻግረዋል። ቢምቢ ባይኖር ከሱ ጋር ይቀር ነበር።»

«ቢምቢው ከፎቁ ገንዳ ነው።»

«እሱም አለ» አለች። ብርካዬን አየችው።

እኔ በሰው ዓይን አላምንም። ከሄደች በኋላ በቡና ጠርሙስ ከነትሉ ውሃ ቀዳሁ። አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰርኩት፣ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ከዕለት ወደ ዕለት ትሎቹ አጠሩ፣ ጎበጡ፣ እንደ እንግሊዝኛ ነጠላ ሰረዝ ሆኑ። ሚሊዮን ነው እንደ ነጠላ ሰረዝ ያለው፣ እኔ አላውቀውም። ዛሬ ጠዋት ነጠላው ላይ ከውስጥ በኩል ቆመው አገኘኋቸው። ቢምቢዎች። እግራቸውን ዘርግተው፣ መቀመጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

ዕድሜዬን ሙሉ የማየው ትል ነበር። አሳድጌው አላየሁም። ውሃ የሚያበስል ትል ነው ብለውኝ ተቀበልኩ፣ ተቀብዬም አስተማርኩ። ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ሲሚንቶው ሲለዝብ ነው የሚመጡት፣ እሱ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄዱ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ያስተማረኝ ጌታዬም አልጠየቀም። ድሮ ማታው ቀዝቃዛ ነበር፣ ብርዱ ይገድላቸው ነበር መሰለኝ። ይህ ቢምቢም አልነበረም ትላለች ልጅቷ። አገሩ ሞቀ፣ ከተማው ጠበበ፣ ቧንቧው ጠፋ፣ ሁሉም ውሃ አጠራቀመ። እኔ ግን ያው እኔ ነኝ፣ በሙቀቱም የብርዱን ሕግ ይዤ።

ፋይሶን አስጠራኋት። መድኃኒቱን ጨመረች። የፎቅ ሠራተኞቹ ትርፍ ቆርቆሮ ሰጡኝ፣ እኔና ሚሊዮን ከደንነው። በነጠላ አጥልለው የወሰዱ ሰዎች ቤት ሄጄ በርሜላቸውን ክደኑ አልኳቸው። ቀለምወርቅ አልቀለደችም።

ሰኔ 10

ፊርደውስ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ቀጥናለች። ፉአድ ሰላም አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ። ይህ ለማንም የሚባል ነገር ነው። ሌላ ነገር ልል ነበር የሄድኩት። አልወጣልኝም። ወተት አስቀምጬ ተመለስኩ።

ሰኔ 18

የመጣችው ራሷ ናት። «አባባ፣ ዛሬ የሚጻፍ የለም?» ብላ ተቀመጠች። ይህን የምትጽፈው እሷ ናት። ዘነበ። ትንሽ። ሌላ ነገር የለም።

ሰኔ 21

ቱሊ ጉሌድ ሄጄ መጣሁ። ዐብዲዐዚዝ የሚባል የድሮ ወዳጅ አለኝ፣ ትልቁን ብርካውን እኔ ነኝ የሠራሁለት። ገና ከመኪና ስወርድ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ።

«ተክሌ! ና እይ! በስሏል!»

ብርካው ክፍት ነው። ትሉ ይርመሰመሳል። ሰውዬው ልጁን እንደሚያሳይ ሰው ደስ ብሎታል። «አንተ ነህ ያስተማርከኝ። እኔም ልጆቼን አስተምሬያለሁ። መንደሩም ካንተ ቃል አይወጣም» አለኝ። የልጁ ሚስት ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሆዷ ገፍቷል።

«ዐብዲዐዚዝ፣ ክደነው። ይህ የቢምቢ ልጅ ነው» አልኩት።

«የምን?»

«የቢምቢ። ወባ ያመጣል።»

«ሲሚንቶ ስትለስን የኖርክ ሰውዬ ዛሬ ዶክተር ሆንክ?»

«ተሳስቼ ነበር» አልኩት። በሶማሊኛ ይህን ብዬ አላውቅም፣ ቃሉን ፈልጌ እስካገኘው ቆየሁ። ባገኘው ጊዜ ደግሞ ሳቀብኝ። «አንተ? ደክሞሃል፣ ና ብላ» አለኝ።

የሰጠኋቸውን ሁሉ ተቀበሉኝ። ይህን ብቻ አልተቀበሉኝም። ያኔ ስናገር እንደ መሐላ ነበር የምናገር፤ አሁን መሐላዬን እኔ ራሴ ልሽረው ብል ማን ይሰማኛል?

ፊርደውስ ብዕሩን አስቀመጠች። «ያች ሴትዮ ስንት ወሯ ነው?» አለችኝ። አልጠየቅኩም አልኳት። «እኔ ልሂድ» አለች።

«አንቺ ምን ትያታለሽ?»

«የእኔን እነግራታለሁ።»

ሰኔ 27

አብረን ሄድን። ፉአድ አልወደደውም፣ ግን ተወን። ፊርደውስ ሶማሊኛዋ የሱቅ ሶማሊኛ ነው፣ የተሰባበረ ነው። ዐብዲዐዚዝ ከእኔ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ግመል ያወራኛል። ሁለቱ ሴቶች ከቤቱ ጀርባ ገቡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ያች ሴት ፊቷ ረጥቦ ነበር። ማንንም ሳትጠይቅ ከግቢው ጥግ አሮጌ ቆርቆሮ መጎተት ጀመረች። በዚያ ሆድ! ዐብዲዐዚዝ «ምን ሆነች?» ብሎ ተነሣ። እኔ ሄጄ ባንድ በኩል ያዝኩላት። እሱም ትንሽ ቆሞ አየንና በሌላ በኩል ያዘ።

ፊርደውስ ደክሟታል። ከዚህ ይብቃ አለች።

ሰኔ 28

ዛሬ ሚሊዮን ነው የሚጽፈው። ምክንያቱን እናገራለሁ።

ትናንት ከቱሊ ጉሌድ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። ከመሃላችን የሰው ጫት የታሰረበት ጆንያ ነበር። ሌሎች ተሳፋሪዎች ይጮኻሉ፣ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል። እኔ በዕድሜዬ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ሚስቴን እንኳ፣ በደልኳት ያልኩ ጊዜ ጫማ ነበር የምገዛላት። በጆንያው ላይ ጎንበስ ብዬ «ፊርደውስ፣ ልጄ፣ ያን ቀን ትጨምር ብለሽኝ ነበር። ሐኪም ቤት ልሂድም ብለሽኝ ነበር። ይቅር በይኝ» አልኳት።

በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ከዚያ ዞር ብላ «አባባ፣ ይህን የሚሉት እንዲጻፍ ነው ወይስ ለእኔ ነው?» አለችኝ።

«ላንቺ ነው።»

«እንግዲያው እኔ አልጽፈውም» አለች።

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ይቅር አልልም አላለችም። ከመኪናው ስንወርድ ግን ጉልበቴን ስለሚያመኝ ክንዴን ደግፋ ይዛኝ ነበር።

ሳይጻፍ እንዲቀር አልፈለግኩም። እሷ ስላልጻፈችው ሚሊዮንን አስጻፍኩት። እንዳላሳመርከው ማልልኝ ሚሊዮን። ማለ።